ሳያንኳኳ የሚያልቅ ብሮንዚና፦ የቢኤምደብሊው ኤስ65 ሞተር የጉዳይ ጥናት

እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው አራተኛው ትውልድ ቢኤምደብሊው ኤም3 ከኮፈኑ ሥር ይዞት የመጣው ኤስ65 የተባለው ሞተር፣ በዘመኑ ለመንገድ ከተሠሩት ሞተሮች መካከል በከፍተኛ ዙር ከሚሽከረከሩት አንዱ ነበር። ይዘቱ 3,999 ሲሲ፣ ሲሊንደሮቹ ስምንት ሲሆኑ አየር በግፊት የሚያስገባ ተርቦ የለውም፤ 420 የፈረስ ጉልበቱን የሚያወጣው በደቂቃ 8,300 ዙር ላይ ነው፤ ከ8,400 ዙር በላይ እንዳይሄድም ኮምፒውተሩ ይከለክለዋል። ሞተሩ ከታላቅ ወንድሙ፣ ማለትም ኤም5 ላይ ከተገጠመው ባለ አምስት ሊትርና ባለ አሥር ሲሊንደር ኤስ85 የተወለደ ነው፤ ሁለቱም 92 ሚሊ ሜትር የሲሊንደር ስፋትና 75.2 ሚሊ ሜትር የፒስተን ምት አላቸው። የሞተሩ አካል የሚፈስሰውም የኩባንያው የፎርሙላ 1 ሞተሮች ይፈስሱበት በነበረው በላንድስሁት ማቅለጫ ነበር።

ከአድናቆቱ ጎን ለጎን ግን ስለዚህ ሞተር ለዓመታት ሲነገር የኖረ አንድ ችግር አለ፤ የቢየላ ብሮንዚናዎቹ፣ ማለትም ፒስተንን ከሞተሩ ዘንግ ጋር በሚያገናኘው ክንድ ውስጥ ያሉት ስስ ቅርፊቶች፣ ጊዜያቸው ሳይደርስ ይበላሉ። 100,000 ኪሎ ሜትር ሳይሞሉ የተከፈቱ ሞተሮች ብሮንዚናቸው ተገፍፎ ከሥር ያለው የመዳብ ቀለም ወጥቶ ታይቷል። የከፋ ዕጣ የገጠማቸው ደግሞ ቢየላቸው ተሰብሮ የሞተሩን ግድግዳ በስቶ ወጥቷል። ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ ኒው ጀርሲ በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት የቡድን ክስ እስከመሆን ደርሷል። ይህ ጽሑፍ ፍርድ ቤቱን ትቶ ወደ ሞተሩ ውስጥ ይገባል፤ ብሮንዚናው ለምን ያልቃል፣ ማለቁስ ሞተሩ ሳይከፈት ለምን አይታወቅም የሚሉትን ሁለት ጥያቄዎች ይመረምራል። በእኔ እምነት ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይከብዳል።

የክፍሉ ሥራ

ቢየላ ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ (የፒስተኖቹን ምልልስ ወደ ዙር ከሚቀይረው ዘንግ) ጋር የሚያገናኝ የብረት ክንድ ነው። ከታች በኩል ክብ ዐይን አለው፤ ይህ ዐይን ለሁለት የተከፈለ ሲሆን የታችኛው ግማሽ እንደ ኮፍያ ሆኖ በሁለት ቡሎን ይታሰራል። ዐይኑ የክራንክ ሻፍቱን አንጓ (ቢየላው የሚታሰርበትን ክብ ክፍል) አቅፎ የሚይዝ ሲሆን፣ በዐይኑና በአንጓው መካከል የሚገቡት ሁለት ግማሽ ቀለበት የመሰሉ ስስ ቅርፊቶች ብሮንዚና ይባላሉ። ስሙን እንደ ቴስታታና እንደ ካንዴላ ሁሉ ከጣሊያንኛ ወርሰነዋል። ሥሩ ነሐስ ማለት ይሁን እንጂ የዛሬው ብሮንዚና ጀርባው ጠንካራ ብረት፣ ፊቱ ደግሞ ደረጃ በደረጃ እየለሰለሱ በሚሄዱ ማዕድኖች የተለበጠ ድርብርብ ነው። በኤስ65 ውስጥ በእያንዳንዱ አንጓ ላይ ሁለት ቢየላዎች ጎን ለጎን ስለሚታሰሩ፣ አራት አንጓዎች፣ ስምንት ቢየላዎችና አሥራ ስድስት ቅርፊቶች አሉ።

ሞተሩ በሥራ ላይ ሳለ ቅርፊቱና አንጓው ፈጽሞ ሊነካኩ አይገባም። ብዙ ሰው ጭነቱን የሚሸከመው የዘይት ፓምፑ ግፊት ይመስለዋል፤ ነገር ግን የፓምፑ ሥራ ዘይቱን ማድረስ ብቻ ነው። አንጓው ሲሽከረከር ዘይቱን ከጎኑ እየጎተተ ክፍተቱ ወደሚጠብበት አቅጣጫ ያስገባዋል፤ እዚያ ተጨናንቆ የገባው ዘይትም አንጓውን ከቅርፊቱ ላይ አንሥቶ ያንሳፍፈዋል። በዝናብ ጊዜ የመኪና ጎማ በአስፋልት ላይ በተኛ ውኃ ላይ ሲንሳፈፍ የሚሆነው ይኸው ነው፤ ለሾፌሩ አደጋ የሆነው ነገር ለብሮንዚናው ሕይወቱ ነው። ጭነቱ እጅግ በሚበረታበት ቅጽበት ይህ የዘይት ንጣፍ ጥቂት ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺህኛ) ብቻ ይቀረዋል፤ የሰው ፀጉር በብዙ እጥፍ ይወፍረዋል።

በ8,400 ዙር ክራንክ ሻፍቱ በሰከንድ 140 ጊዜ ይዞራል። የአንጓው ወርድ (ዳያሜትሩ) ወደ 52 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ ፊቱ በቅርፊቱ ላይ የሚንሸራተተው በሰከንድ ወደ 23 ሜትር ሲሆን ይህም በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። በተመሳሳይ ቅጽበት ፒስተኑ በየሰከንዱ 280 ጊዜ ቆሞ አቅጣጫውን ይቀይራል። ሲቆምና ሲመለስ የሚደርስበት ፍጥንጥነት የቢየላው ማዘንበል ሳይታሰብ እንኳ የምድር ስበት 3,000 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ግማሽ ኪሎ የሚመዝን ነገር በዚህ ፍጥንጥነት ሲመለስ ወደ አንድ ቶን ተኩል ይጎትታል። ይህ ኃይል ከዙሩ ጋር በእኩል ልክ አይጨምርም፤ ዙሩ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። በተለይ ፒስተኑ የተቃጠለውን ጋዝ አስወጥቶ ከላይ ሲመለስ፣ ከፊቱ ሆኖ የሚገፋውና ኃይሉን የሚያለዝበው ፍንዳታ ስለሌለ፣ ጉተታው በሙሉ በኮፍያው በኩል ባለው ቅርፊት ላይ ያርፋል። የላይኛው ቅርፊት በፍንዳታ ይደበደባል፣ የታችኛው በጉተታ፤ ከፍተኛ ዙር ያለው ሞተር ከተራ ሞተር የሚለየው የታችኛውም እንደ ላይኛው እረፍት የሌለው በመሆኑ ነው።

አስቀድሞ የታየው ምልክት

ኤስ65 ከመምጣቱ በፊት የነበረው ኤም3፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የተሠራው፣ ኤስ54 የተባለ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ነበረው። ይዘቱ 3,246 ሲሲ፣ ጉልበቱ 343 ሆኖ በ7,900 ዙር የሚወጣ፣ ጣሪያውም 8,000 ዙር ነበር። የፒስተኑ ምት 91 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አማካይ የፒስተን ፍጥነቱ በሰከንድ ከ24 ሜትር ይበልጥ ነበር። ከኤስ65 ወደ 21 ሜትር የተጠጋ ፍጥነት ጋር ሲነጻጸር፣ ዙሩ ዝቅ ያለ ቢመስልም ፒስተኑ የሚሮጠው ግን በዚያኛው ውስጥ ነበር ማለት ነው።

በኤስ54 የመጀመሪያ ዓመታት ምርቶች ላይ ብሮንዚናዎች ሞተሩን ይዘው እየሄዱ ስላስቸገሩ፣ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2003 ብሮንዚናዎቹን የመቀየር ዘመቻ አካሄደ፤ በአሜሪካም የሞተሩን ዋስትና እስከ ስድስት ዓመት ወይም 100,000 ማይል አራዘመ። መጀመሪያ ላይ ታዝዞ የነበረው 5ደብሊው-30 ዘይትም (የመጨረሻው ቁጥር ዘይቱ ሲሞቅ ያለውን ውፍረት ያሳያል) ቀርቶ በወፍራሙ 10ደብሊው-60 ተተካ። ይህ ታሪክ ለጉዳያችን የሚጠቅመው በአንድ ምክንያት ነው። በስድስት ሲሊንደሩ ላይ ችግር ሲመጣ ከተሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ወፍራም ዘይት ነበር፤ ባለ አሥሩም ባለ ስምንቱም ሲሊንደር ሞተሮች ሲመጡ ያንኑ ዘይት ይዘው መጡ። መድኃኒቱ ለአዲሱ ሞተር በልኩ ተሰፍሮ ይሁን ወይም ከልማድ የተወረሰ፣ የሚቀጥለው ክፍል የሚያሳየው ልኬት ጥያቄውን ያስነሣል።

አንዱ ከዚህ፣ ሌላው ከዚያ

የሞተር ሠሪዎች ለዘመናት ሲመሩበት የኖሩት ልምድ፣ በአንጓና በብሮንዚና መካከል የሚተወው ክፍተት የአንጓው ወርድ አንድ ሺህኛ ያህል እንዲሆን ነው። በዚህ ስሌት 52 ሚሊ ሜትር ወርድ ላለው አንጓ ክፍተቱ 0.05 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሆናል፤ ለውድድር የሚሠሩት ደግሞ ከዚህም ጥቂት ይጨምሩበታል። ባለቤቶችና የሞተር ሠሪዎች ኤስ65ን ፈትተው በማይክሮሜትር ሲለኩት ግን ያገኙት በአማካይ 0.03 አካባቢ ነው።

ጠባብ ክፍተት ብቻውን ጥፋት አይደለም። ዛሬ የሚሠሩ ብዙ የቤት መኪኖች ከዚህ የማይርቅ ክፍተት ይዘው በሰላም ረጅም ዕድሜ ይኖራሉ፤ የሚጠጡት ዘይት ግን እንደ ውኃ የቀጠነ ነው። በሌላ በኩል ወፍራም ዘይትም ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ የእሽቅድምድም ሰዎች ለትውልድ ሲጠቀሙበት ኖረዋል፤ ክፍተታቸው ግን ሰፊ ነው። ጠባብ ክፍተት ከቀጭን ዘይት፣ ሰፊ ክፍተት ከወፍራም ዘይት ጋር ተጋብተው ይኖራሉ። የኤስ65 ነገር ግን ክፍተቱን ከቤት መኪናው፣ ዘይቱን ከእሽቅድምድሙ ወስዶ ማጋባቱ ነው።

ይህ ጋብቻ ምን እንደሚያስከትል በግምት መቁጠር ይቻላል። በአንድ ጠባብ ክፍተት ውስጥ በግፊት የሚያልፈው የዘይት መጠን ከክፍተቱ ጋር የሚያድገው በቀላል እጥፍ አይደለም፤ ክፍተቱ በራሱ ሦስት ጊዜ ተባዝቶ ነው። ክፍተቱ ከ0.05 ወደ 0.03 ሲጠብ የሚያልፈው ዘይት ከ125 እጅ ወደ 27 እጅ ይወርዳል፤ በሌላ አነጋገር ከአምስት እጅ ወደ አንድ እጅ። ዘይቱ በዚህ ላይ ሲወፍር ፍሰቱ በዚያው ልክ እንደገና ይቀንሳል። በዘይት ደረጃ መለኪያ መሠረት በ100 ዲግሪ ሙቀት የ60 ቁጥር ዘይት ውፍረት ከ21.9 እስከ 26.1 ሴንቲስቶክስ (የዘይት ውፍረት መለኪያ) ሲሆን፣ የ30 ቁጥር ከ9.3 እስከ 12.5 ነው፤ ከእጥፍ በላይ ይለያያሉ። ሁለቱን ስናዋህዳቸው፣ ሰፊ ክፍተትና ቀጭን ዘይት ካለው ብሮንዚና ጋር ሲነጻጸር በኤስ65 ብሮንዚና ውስጥ የሚያልፈው ዘይት አንድ አሥረኛ ገደማ ሊሆን ይችላል። ዘይት ማለስለስ ብቻ ሳይሆን ማቀዝቀዝም ሥራው ስለሆነ፣ የሚያልፈው ሲያንስ ሙቀት ይዞ የሚወጣ የለም፤ ወፍራም ዘይት በጠባብ ክፍተት ሲታሽ የሚፈጥረው ሙቀትም ከቀጭኑ ይበዛል። የዘይቱ ሙቀት በመለኪያው ላይ ደህና ቢመስልም በብሮንዚናው ውስጥ ያለው ግን ከዚያ ሊበልጥ ይችላል ማለት ነው።

ከሁሉ የሚያሰጋው ግን ቀዝቃዛው ሞተር ነው። 10ደብሊው-60 ዘይት በ40 ዲግሪ ላይ በ100 ዲግሪ ካለው ውፍረት ወደ ሰባት እጥፍ ይወፍራል። መኪናው በጠዋት ተነሥቶ ዘይቱ ገና እንደ ማር ሳለ አሽከርካሪው ነዳጅ ቢረግጥ፣ ዘይቱ በጠባቡ በር ለማለፍ ጊዜ የሌለው ሆኖ ሳለ አንጓው ይጭነዋል። ኩባንያው ይህን አላጣውም። የኤም3 የዙር መለኪያ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ከወትሮው ዝቅ ካለ ዙር ጀምሮ መብራቶችን አብርቶ ያስጠነቅቃል፤ ዘይቱ እየሞቀ ሲሄድም መብራቶቹ አንድ በአንድ ይጠፋሉ። በመሣሪያው ሰሌዳ ላይ እንደ ሌላው መኪና የውኃ ሙቀት መለኪያ ሳይሆን የዘይት ሙቀት መለኪያ መቀመጡም ለዚሁ ነው። ውኃው በጥቂት ደቂቃ ይሞቃል፤ ወደ ዘጠኝ ሊትር የሚጠጋው ዘይት ግን ረጅም ጊዜ ይወስድበታል።

የጠፋው ምስክር

ብሮንዚና ሲበላ የተገፈፈው ማዕድን ወደ ዘይቱ ይገባል። ስለዚህ በዘይት ለውጥ ጊዜ ጥቂት ዘይት በጠርሙስ ወስዶ ላቦራቶሪ በማስመርመር፣ በውስጡ ያለውን እርሳስና መዳብ በሚሊዮን ስንት እጅ እንደሆነ ማወቅ ይቻላል። የመጀመሪያዎቹ የኤስ65 ቅርፊቶች በብረት ጀርባ ላይ መዳብና እርሳስ፣ በላያቸውም እርሳስ የበዛበት ለስላሳ ሽፋን የነበራቸው ስለሆነ፣ እርሳስ በዘይቱ ውስጥ ከፍ ማለቱ ከብሮንዚና በቀር ብዙ ምንጭ የሌለው ግልጽ ምስክር ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ ግን ያረጁ መኪኖች ሲወገዱ አፈርና ውኃ እንዳይመርዙ በማሰብ እርሳስን ከመኪና ክፍሎች እንዲወጣ አዘዘ፤ ለብሮንዚና ለጊዜው የተሰጠው ፈቃድም በኋላ አበቃ። እ.ኤ.አ. ወደ 2010 ገደማ የኤስ65 ቅርፊቶች እርሳስ በሌለው በቆርቆሮ (ቲን) እና በአሉሚኒየም ቅይጥ ተተኩ። ለአካባቢ ደህና የሆነው ለውጥ ለባለቤቱ ሁለት ነገር አሳጣው። አንደኛ፣ አዲሱ ፊት ከእርሳሱ የጠነከረ ስለሆነ፣ ጥቃቅን ቆሻሻን ውጦ የማስቀመጥና ከአንጓው ቅርፅ ጋር የመላመድ ችሎታው ያንሳል። ሁለተኛው በእኔ አስተያየት የከፋ ነው፤ ምስክሩ ዝም አለ። አዲሱ ብሮንዚና ሲበላ የሚወጣው አሉሚኒየም ነው፤ የኤስ65 አካል ደግሞ ራሱ ከአሉሚኒየምና ከሲሊኮን ቅይጥ የተሠራ፣ ሲሊንደሩም ያለ ብረት እጅጌ (የውስጥ ሽፋን) በዚሁ ቅይጥ ላይ የሚሠራ ስለሆነ፣ በዘይቱ ውስጥ የተገኘው አሉሚኒየም ከየት እንደመጣ ላቦራቶሪው መናገር አይችልም። የቆርቆሮ መጠኑ ሊረዳ ቢችልም በጥቂቱ የሚታይ በመሆኑ ሰው የሚያስደነግጠው ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው።

ለእርሳሱም ዘመን ቢሆን ምስክርነቱ ሙሉ አልነበረም። የላቦራቶሪው መሣሪያ የሚያየው ከጥቂት ማይክሮን የማይበልጡ ቅንጣቶችን ነው፤ ብሮንዚና በዝግታ ሲታሽ ያያል፣ በቅርፊት መልክ ሲገነጠል ግን ትልልቁ ቁራጭ በፊልትሮው ተይዞ ስለሚቀር መርማሪው ንጹሕ ዘይት ያገኛል። ስለዚህ ልምድ ያለው መካኒክ አሮጌውን የወረቀት ፊልትሮ ሳይጥል፣ እጥፋቶቹን ዘርግቶ በፀሐይ ብርሃን ያየዋል፤ የሚያብለጨልጭ ነገር ካለ ነገሩ ከላቦራቶሪው ወረቀት ይበልጥ ይናገራል።

ሌላው ምስክር ድምፅ ነው፤ እሱ ግን ዋጋ የለውም ማለት ይቻላል። ብሮንዚና ሲያልቅ ከታች የሚሰማው ጥልቅ ኳ ኳ የሚል ድምፅ የሚመጣው ክፍተቱ ብዙ ከሰፋ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ቅርፊቱ ከመቀመጫው ተንቀሳቅሶ ሊዞር፣ የዘይት ቀዳዳውን ሊዘጋ፣ ቢየላውም በሰከንዶች ውስጥ ተቃጥሎ ሊሰበር ይችላል። በኤስ65 ላይ በተለይ ነገሩን የሚያከብደው፣ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ሲዞር) ላይ የሚሰማው የነዳጅ መርጫ መርፌና የቫልቭ ጫጫታ ብዙ በመሆኑ ባለቤቱ የደህናውን ድምፅ ከክፉው ለመለየት መቸገሩ ነው። አንዳንዱ ያለ ምክንያት ይደነግጣል፣ ሌላው ሳይደነግጥ ሞተሩን ያጣል።

ኮፓው ሲወርድ

ስለዚህ ሁሉን የሚፈታው ከፍቶ ማየት ሆነ። ሥራው ቀላል አይደለም፤ ሞተሩ ከላይ በድጋፍ ተንጠልጥሎ፣ የፊተኛው የመሪና የሱስፔንሽን ተሸካሚ አካል ከሥሩ ይወርዳል፣ ከዚያም የዘይት መያዣው ኮፓ ይፈታል። ክራንክ ሻፍቱ ከሥር ሲታይ ቢየላዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው በየአንጓው ተሰልፈዋል።

አንዱ ኮፍያ ሲፈታ የሚወጣው ቅርፊት ከአውራ ጣት እምብዛም የማይሰፋ፣ በእጅ ላይ ቀላል የሆነ ነገር ነው። በጨርቅ ተጠርጎ በብርሃን ሲያዩት፣ ደህና ከሆነ ፊቱ ያለ ነጸብራቅ ግራጫ ነው፤ እንደ አመድ ልስልስ ያለ መልክ አለው። መበላት የጀመረው መሃሉ ላይ እንደ መስታወት ይወለወላል። ከዚያ ያለፈው፣ መዳብና እርሳስ ባላቸው በመጀመሪያዎቹ ቅርፊቶች ላይ፣ የመዳብ ቀለም ያወጣል፤ መጀመሪያ እንደ ቀጭን ሰንበር፣ ቀጥሎ እንደ ምላስ ሰፍቶ ወደ ጠርዙ ይወጣል። አንዳንዱ ላይ በአቅጣጫው የተጎተቱ ጥልቅ ጭረቶች ይታያሉ፤ እነዚህ ደረቅ ቆሻሻ እንዳለፈ ይመሰክራሉ እንጂ የክፍተት ምልክት አይደሉም። ጣት ሲሄድባቸው ጥፍር ቢይዙ አንጓው ራሱም ተጎድቶ እንደሆነ በጥንቃቄ መታየት አለበት፤ አንጓው ከተጫረ ጉዳዩ ከብሮንዚና ቅያሪ አልፏል።

እዚህ ላይ ብዙ የሚዘነጋ ነገር አለ። የኤስ65 ቢየላ ዐይኑ ለሁለት የተከፈለው በመጋዝ ሳይሆን በመሰንጠቅ ነው፤ ፋብሪካው ሙሉውን ቀለበት ሠርቶ ይሰነጥቀዋል፣ የተሰበረው ፊት ሻካራነትም ሁለቱን ግማሾች እንደ ቁልፍና እንደ ቀዳዳው ያገናኛቸዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ኮፍያ የሚገጥመው ከራሱ ቢየላ ጋር ብቻ፣ ያውም በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ኮፍያዎቹ ቢቀላቀሉ ያለ መመለሻ ይበላሻሉ። ቡሎኖቹም ሲጠበቁ የሚለጠጡ በመሆናቸው አንዴ ከተፈቱ በኋላ አይመለሱም፤ አሮጌውን መልሶ ማሰር ጥቂት ዶላር አድኖ ሞተር ማጣት ነው።

ክርክሩና የእኔ ዳኝነት

የሞተሩ ሰዎች በሁለት ወገን ተከፍለዋል። አንደኛው ወገን ጥፋቱ የክፍተቱ ነው ይላል፤ ሌላው ቀዝቃዛ ሞተር የሚያስጮኹ አሽከርካሪዎች፣ ዘይት የሚያዘገዩ ባለቤቶችና በሞተሩ ላይ ተርቦ ወይም ሱፐርቻርጀር (እንደ ተርቦ አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የጨመሩ ሰዎች ያመጡት ነው ይላል። ሁለተኛው ወገን አንድ ጠንካራ ነጥብ አለው፤ ፎቶግራፋቸው የሚዞረው ቅርፊቶች በአጋጣሚ የተመረጡ አይደሉም። የከፈተው የተጠራጠረ ነው፣ ፎቶ ያነሣውም የተበላውን ያገኘ ነው፤ 200,000 ኪሎ ሜትር ሮጦ ያልተከፈተ ሞተር በዚህ መዝገብ ውስጥ የለም። በፎቶ ብዛት ተነሥቶ ሞተሩ ሁሉ ይሞታል ማለት ሕመምተኛ ብቻ ከሚመጣበት ክሊኒክ ተነሥቶ ከተማው በሙሉ ታሟል እንደ ማለት ነው።

ሆኖም ሚዛኔ ወደ አንደኛው ወገን ያዘነብላል። ምክንያቴም ይህ ነው። ጥፋቱ የአሽከርካሪ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ በጥንቃቄ የተያዙና ዘይታቸው ከታዘዘው ቀድሞ የተቀየረላቸው መኪኖች ሲከፈቱ ቅርፊታቸው ግራጫ ሆኖ መገኘት ነበረበት፤ ከእነርሱም ግን መዳብ ያወጡ ብዙ ናቸው። በሌላ በኩል ጥፋቱ የክፍተት ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ስምንቱም ቢየላ እኩል መበላት ነበረበት፤ በተግባር ግን በአንድ ሞተር ውስጥ አንዱ ጥንድ ተገፍፎ ጎረቤቱ ደህና ሆኖ ይገኛል። ይህ የሚነግረን ሞተሩ የተሠራው ለስህተት ቦታ ሳይተው መሆኑን ነው፤ በአንጓና በቅርፊት ምርት ውስጥ የሚኖር የማይክሮን ልዩነት፣ አንድ የችኮላ ጠዋት፣ በነዳጅ የቀጠነ አሮጌ ዘይት፣ ሰፊ ክፍተት ባለው ሞተር ላይ ምንም የማያመጡት እነዚህ ነገሮች እዚህ እያንዳንዳቸው ዋጋ ያስከፍላሉ።

ኩባንያው ለምን እንዲህ ጠባብ አደረገው የሚለው ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ጠባብ ክፍተት የራሱ ጥቅም እንዳለውም መካድ አይገባም። ጠባብ ክፍተት የዘይቱን ግፊት ይጠብቃል፣ ድምፅ ይቀንሳል፣ ጭነቱን በሰፊ የቅርፊቱ ክፍል ላይ ያከፋፍላል። ዘይቱ በደንብ ሞቆ በውድድር ሜዳ ላይ 120 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ያን ጊዜ የ60 ቁጥሩ ዘይት ከ30 ቁጥሩ ይልቅ ንጣፉን አጽንቶ እንደሚይዝ ጥርጥር የለውም። መሐንዲሶቹ ያሰቡት የሞቀውን ሞተር ይመስለኛል፤ ባለቤቶቹ የሚነዱት ግን በአብዛኛው የቀዘቀዘውን ነው፤ ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ሱቅ፣ ዘይቱ ሳይሞቅ የሚያልቅ አጭር መንገድ።

የተወሰደው እርምጃ

በተግባር የተረጋገጠው መፍትሔ ብሮንዚናውን እንደ ፍሬን ሸራ የሚያልቅ ክፍል አድርጎ መቁጠርና ሳያንኳኳ መቀየር ነው። በአሜሪካ በዚህ ሥራ የተካኑ ጋራዦች ብዙ ሆነዋል፤ ሥራው ጥቂት ሺህ ዶላር ያስወጣል፤ የተበላሸ ሞተር መተካት ግን የዚህን ብዙ እጥፍ ይጠይቃል። የሚገጠሙት ቅርፊቶች በሁለት ይከፈላሉ። አንዳንዱ የፋብሪካውን ልክ መልሶ ያስገባል፤ ሌላው ከገበያ የሚገኘውንና ከፋብሪካው ልክ አንድ መቶኛ ሚሊ ሜትር ገደማ የሰፋ ክፍተት የሚሰጠውን ይመርጣል። ከላይ ያለውን የፍሰት ስሌት የተከተለ አንባቢ ይህች አንድ መቶኛ ትንሽ እንዳልሆነች ይረዳል፤ ከ0.03 ወደ 0.04 ሲሄድ በግፊት የሚያልፈው ዘይት ከእጥፍ በላይ ይሆናል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ሆኖም ክፍተቱ በሳጥኑ ላይ በተጻፈው ሳይሆን በመኪናው አንጓ ላይ ተለክቶ መረጋገጥ አለበት። ለዚህ የሚያገለግል ቀላል ዘዴ አለ፤ ቀጭን የሰም ክር የመሰለ ነገር በአንጓው ላይ ተጋድሞ ኮፍያው በሙሉ ጥብቀቱ ይታሰራል፣ እንደገና ሲፈታ ክሩ ተደፍጥጦ የሰፋበት መጠን ከመለኪያ ወረቀት ጋር ተስተያይቶ ክፍተቱን ይነግራል። አንጓው በዚህ ጊዜ እንዳይዞር መጠበቅ አለበት፤ ክሩ ከታሸ ልኬቱ ውሸት ይሆናል።

በዘይቱ ላይ ስምምነት የለም። ክፍተቱን ያሰፉ አንዳንዶች የ60 ቁጥሩን ይዘው ይቀጥላሉ፤ ውድድር ሜዳ የማይረግጡ አንዳንዶች ደግሞ ወደ 40 ቁጥር ወርደዋል። በብርድ አገር ለሚኖርና አጭር መንገድ ለሚነዳ ሰው ቀጭኑ የተሻለ ሚዛን ያለው ይመስለኛል፤ በገልፍ አገራት የበጋ ሙቀት በአውራ ጎዳና ላይ ለሚያበረው ግን እንዲሁ በደፈናው ይህን አልመክርም። ኩባንያው ራሱ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በተተኪው ኤም3 ላይ ተርቦ ያለው፣ ዙሩ ዝቅ ያለና ቀጭን ዘይት የሚጠጣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር አቀረበ፤ የ8,400 ዙሩም ዘመን በዚያው አበቃ።

የኤስ65 የመጨረሻ ኩፔዎች (ባለ ሁለት በር መኪኖች) የተሠሩት እ.ኤ.አ. በ2013 ስለሆነ ዛሬ የሚሸጡት ሁሉ ያገለገሉ ናቸው፤ ገዢ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄም ከቀለሙና ከኪሎ ሜትሩ አስቀድሞ ብሮንዚናው ተቀይሯል ወይ የሚለው ሆኗል። ደረሰኝ ብቻ የሚያሳይ ሻጭ ግማሽ መልስ ነው የሚሰጠው። ጠንቃቃ ጋራዥ አሥራ ስድስቱን አሮጌ ቅርፊቶች በየሲሊንደራቸው ቁጥር ጽፎ፣ የላይኛውን ከታችኛው ለይቶ፣ በትናንሽ ላስቲክ ከረጢት ለባለቤቱ ይመልሳል። ከረጢቶቹ ጠረጴዛ ላይ ሲደረደሩ የትኛው አንጓ ላይ ያለው ጥንድ ግራጫ እንደቀረ፣ የትኛው መዳብ እንዳወጣ በዓይን ይታያል፤ ከመዳቡ ቅርፊት ጋር ይሠራ የነበረው አንጓ ተለክቶ እንደነበርና ልኬቱ የት እንደተጻፈ መጠየቅ የገዢው ድርሻ ነው።